2400 ዋት ምን ያጸዳል? የአንድ ካርቶን ሂስ

ቤት ለማጽዳት ቫኪዩም ልትገዙ ሱቅ ገባችሁ እንበል። ሻጩ ሁለት ካርቶን አውርዶ ፊታችሁ ያስቀምጣል። አንዱ ላይ በትልቁ «2400 ዋት» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላው ላይ «1600 ዋት»። «ያኛውን ተዉት፣ ይሄኛው ጉልበት አለው» ይላችኋል። ምን ትመልሳላችሁ?

እኔ ከሦስት ዓመት በፊት «እሺ» ብዬ 2400ውን ተሸክሜ ወጣሁ። ምህንድስና የተማርኩ፣ ስለ አየር ፍሰት ስንት ፈተና የተፈተንኩ ሰው ነኝ፤ ግን ካርቶን ላይ ያለ አንድ ቁጥር አሸነፈኝ። ማሽኑ ለእናቴ ነበር። እናቴ አስም አለባት፤ ምንጣፍ ሲጠረግ የሚነሳው አቧራ ያፍናታል። ከማሽኑ ጋር የመጡት ሁለት የወረቀት ከረጢቶች ቶሎ ሞሉ። ሌላ ብጠይቅ፣ ብፈልግ ጠፋ። ምን ይደረግ? ያሉትን እያራገፍን መልሰን መክተት ጀመርን። ከዚያ ወዲህ ቤቱ በጸዳ ቁጥር እናቴ ታስል ነበር። በዓመቱ ደግሞ ሞተሩ ተቃጠለ።

ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አልነበረም። ያነበብኩት የተሳሳተውን መስመር ነው። ስለዚህ ዛሬ ያንን ካርቶን እንደ አንድ ጽሑፍ ቁጭ ብለን እንተቸው፦ ምን ይላል? ምንስ ይደብቃል? የምናወራው ሞተሩና ከረጢቱ ባለ ጎማ ሳጥን ውስጥ ሆነው ወለል ላይ ስለሚጎተተው፣ በረጅም ቱቦ ስለሚስበው ባለ ከረጢት ቫኪዩም ነው።

ዋት የሚበላው ነው

ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ «እንብላ እንብላ» ነው ይባላል። ካርቶኑ ላይ ያለው ዋትም እንደዚያው ነው። ማሽኑ በየሰከንዱ ከሶኬቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚወስድ ይነግራችኋል፤ ምን ያህል እንደሚያጸዳ ግን አይነግራችሁም። የመብራት ሂሳባችሁን ለመገመት ይጠቅማል፣ በቃ።

አቧራን ከምንጣፍ የሚያነሱት ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ናቸው፦ ግፊትና ፍሰት። ፋኑ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ከውጭው ዝቅ ያደርጋል፤ የውጭው አየር ወደ ውስጥ ይሮጣል፤ ሲሮጥ አቧራውን ይዞት ይሄዳል። የግፊቱን ልዩነት በፍሰቱ ብታባዙ አየሩ ላይ የዋለውን ኃይል ታገኛላችሁ። ስሌቱን ለማየት ያህል፦ የግፊቱ ልዩነት 10 ኪሎ ፓስካል፣ ፍሰቱ በሰከንድ 20 ሊትር ይሁን። 10,000 ፓስካል በ0.02 ሜትር ኩብ ሲባዛ 200 ዋት ነው። ይህ ማሽን ከሶኬት 2000 ዋት እየወሰደ ከሆነ፣ ለሥራው የዋለው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። ቀሪው ወደ ሙቀትና ወደ ጫጫታ ሄደ።

ቤት ውስጥ ቫኪዩም ካለ ይህን ሞክሩ። እየሠራ ሳለ የቱቦውን አፍ በመዳፋችሁ ለሁለት ሰከንድ ዝጉት። ድምፁ ሲቀጥን ትሰማላችሁ። ብዙ ሰው «ሞተሩ ተጨነቀ» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው! የሚያንቀሳቅሰው አየር ስለሌለ ሸክሙ ቀሎለት ይፈጥናል። መዳፋችሁ ላይ ያለው የመሳብ ጉልበት ከፍተኛው ላይ ደርሷል፤ ፍሰቱ ግን ዜሮ ነው፤ ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ሲባዛ ደግሞ ዜሮ ነው። ይህን ድምፅ አስታውሱት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ዋት ጽዳት እንዳልሆነ ሌላም ማስረጃ አለ። አሜሪካ ውስጥ ተራ ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ የቤት ቫኪዩሞችም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 አምፔር አያልፉም። 12 በ120 ሲባዛ 1440 ዋት። የዚያ አገር ምንጣፍ በዚህ ይጸዳል። (በነገራችን ላይ፣ ዘመድ ከዋሽንግተን ቫኪዩም ልላክ ካላችሁ መጀመሪያ ቮልቱን ጠይቁ። የእኛ ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ የ120ው ማሽን በቀጥታ ከተሰካ ዕድሜው አጭር ነው።)

ካርቶኑ አዲስ አበባን አያውቅም

አንዳንድ ካርቶን የመሳብ ግፊቱንም በኪሎ ፓስካል ይጽፋል። ይህ ከዋት ይሻላል፤ ግን ተዘግቶ የተለካ ግፊት ነው፣ ማለትም ፍሰቱ ዜሮ ሲሆን የሚገኘው። ደግሞስ የተለካው የት ነው?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ጥግግት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ፋን የሚፈጥረው የግፊት ልዩነት ደግሞ ከአየሩ ጥግግት ጋር አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ባሕር ወለል ላይ 20 ኪሎ ፓስካል ያወጣ ፋን፣ በዚያው ፍጥነት እዚህ ሲሽከረከር 15 ገደማ ነው የሚያወጣው። ሞተሩ ሸክሙ ስለሚቀለው ትንሽ ይፈጥንና ጥቂቱን ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

«ታዲያ ትልቁን ዋት ብገዛ አይሻልም?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ግን አንድ ነገር አስቡ። በአብዛኞቹ ተጎታች ቫኪዩሞች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በከረጢቱ አልፎ የሚመጣው አየር ራሱ ነው። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል። በዚህ ላይ ከረጢቱ ከተደፈነ፣ ብዙ ዋት የሚበላ ሞተር ብዙ ሙቀት ያመርታል፣ የሚያበርደው አየር ደግሞ የለም። የእናቴ ማሽን መጨረሻ ይኸው ነበር።

ባዶ ከረጢት ይዞ ፈተና

«መንግሥት ትክክለኛ መለያ ቢያስለጥፍስ?» ትሉ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ሞክሮታል። ከመስከረም 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ1600 ዋት በላይ የሚወስዱ ቫኪዩሞች ገበያው እንዳይገቡ ከለከለ፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ጣሪያውን ወደ 900 ዋት አወረደው። ከዚህ ጎን ለጎን የኃይል ፍጆታን፣ የጽዳት ብቃትንና ከማሽኑ የሚወጣውን አቧራ በፊደል የሚያሳይ መለያ አስለጠፈ። ሐሳቡ መልካም ነበር።

ክፍተቱ ፈተናው ላይ ነበር፤ ማሽኖቹ የሚፈተኑት መያዣቸው ባዶ ሆኖ ነው። ዳይሰን የተባለው ኩባንያ ፍርድ ቤት ሄዶ ተሟገተ፤ በኅዳር 2018 የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት የመለያውን ደንብ ሻረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ባዶ መያዣ ሰው ቤት ውስጥ ካለው አጠቃቀም ጋር አይገናኝም። እርግጥ ዳይሰን ከረጢት አልባ ማሽን የሚሸጥ ድርጅት ነው፤ በፍርዱ ይጠቀማል። ተጠቃሚ መሆኑ ግን ነጥቡን ውሸት አያደርገውም። የዋት ጣሪያው በበኩሉ አልተሻረም።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ አዲስ ማሽን ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ሁሉም ጎበዝ ነው። ጥያቄው ከረጢቱ ግማሽ ሲሞላ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ካርቶኑ ስለዚህ አንድም ቃል አይተነፍስም።

ከረጢቱ ቅርጫት አይደለም

ጄምስ ሙሬይ ስፓንግለር በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበት፤ ምንጣፍ ሲጠርግ የሚነሳው አቧራ ያስቸግረው ነበር። ፋን፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ ማሽን ሠራ፤ በ1908 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት አገኘበት። ፈጠራው በኋላ በሁቨር ስም ዓለምን ዞረ። የትራስ ልብሷን ልብ በሉ። አየሩን አሳልፋ አቧራውን የምታስቀር እሷ ናት። ከረጢት ገና ከጅምሩ ማጣሪያ ነበር።

ማጣሪያ ደግሞ ወንፊት ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ ቅንጣቶች ከአየሩ ጋር ፈጥነው መታጠፍ ስለማይችሉ ከክሮቹ ጋር ይጋጫሉ። በጣም ትንንሾቹ የአየር ሞለኪውሎች ወዲህ ወዲያ ስለሚገፏቸው ሲንከራተቱ ክር ላይ ያርፋሉ። ለመያዝ የሚያስቸግሩት መካከለኞቹ፣ 0.3 ማይክሮን አካባቢ ያሉት ናቸው። ሄፓ የሚባሉት ማጣሪያዎች የሚመዘኑትም በዚህ አስቸጋሪ መጠን ነው፤ ኤች 13 የሚባለው ደረጃ ቢያንስ 99.95 በመቶውን መያዝ አለበት።

የወረቀት ከረጢት ቀዳዳዎቹ በደቃቅ አቧራ ቶሎ ይደፈናሉ፤ ገና ሳይሞላ ፍሰቱ ይወድቃል። ብዙ ሽፋን ያለው ሰው ሠራሽ ከረጢት ክሮቹ ጥልፍልፍ ስለሆኑ፣ ብዙዎቹም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው፣ አቧራውን በጥልቀት ይይዛሉ፤ አየሩ ረዘም ላለ ጊዜ ያልፋል። እኛ የወረቀቱን ከረጢት ስናራግፍ ትልቁን ቆሻሻ ጣልን እንጂ ቀዳዳውን የደፈነው ደቃቁ አቧራ እዚያው ቀረ። ስናራግፍም ግማሹን እናቴ ተነፈሰችው።

ከረጢት አልባውስ? ከረጢት አይገዛም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ባራገፋችሁት ቁጥር አቧራው ፊታችሁ ላይ ይነሳል፤ ማጣሪያውም መታጠብና መድረቅ ይፈልጋል። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ እኔ ባለ ከረጢቱን እመርጣለሁ፤ ከረጢቱ ገበያ ላይ ካለ ብቻ። ከሌለ ከረጢት አልባው ይሻላል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ቤታችሁ ሴራሚክ ብቻ ከሆነና ምንጣፍ ከሌለ እርጥብ መወልወያ ይበቃችኋል። ቫኪዩም የአስም መድኃኒትም አይደለም፤ ጥሩው አቧራን ይቀንሳል፣ መጥፎው ግን ደቃቁን አንስቶ ይበትናል።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ

ማሽኑን ከማየታችሁ በፊት «የዚህ ከረጢት አለ?» በሉ። «ይመጣል» መልስ አይደለም። በእጃችሁ ያዙት፤ ወረቀት ነው ወይስ ባለ ብዙ ሽፋን ጨርቅ? ዋጋውን ጠይቃችሁ በዓመት ከምትፈልጉት ብዛት ጋር አባዙት። ከቻላችሁ የሁለት ዓመቱን አብራችሁ ግዙ።

ከዚያ ክዳኑን ክፈቱ። ዙሪያውን የጎማ ማሸጊያ አለው? ከሌለ ካርቶኑ ላይ «ሄፓ» ተብሎ ቢጻፍም አየሩ በስንጥቁ ዞሮ ይወጣል፤ በሩን ቆልፎ መስኮቱን እንደ መተው ነው። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ አልፎ አልፎ ከረጢቱ የሚቀመጥበትን ክፍል ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ከጠቆረ አንድ ቦታ ያፈሳል።

ጆሯችሁንም ተጠቀሙ። መዳፋችሁን ስትደፍኑ የሰማችሁት ቀጭን ድምፅ ምንም ሳትደፍኑ መምጣት ከጀመረ መንገዱ እየተዘጋ ነው፤ ቱቦውን አይታችሁ ከረጢቱን ቀይሩ። የበዓል ቄጠማ በእጅ ይነሳ፤ ቱቦ ይዘጋል። የቡና ከሰል አመድ ደግሞ በፍጹም አይሳብ። አመድ ውስጥ የተደበቀች ፍም አየር ስታገኝ ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ፤ ከረጢቱ ደግሞ ደረቅ አቧራ የሞላበት ነው።

ለእናቴ ሁለተኛውን ስገዛ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሁለቱ ውስጥ ስለ ከረጢት ስጠይቅ ሻጮቹ ስለ ዋት መለሱልኝ። ሦስተኛው ሱቅ ሻጭ ምንም ሳይናገር ከመደርደሪያው አንድ እሽግ ከረጢት አውርዶ ሰጠኝ። ማሽኑ 1200 ዋት ነው። እናቴ አሁን ምንጣፉ ሲጸዳ ሌላ ክፍል አትሸሽም።