የሰውን ቃል በእንግሊዝኛ ስለ ማውራት፤ በትምህርት ቤቱ ደንብ ላይ የቀረበ ሂስ

የእንግሊዝኛ ሰዋስው በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ ቀጥተኛውን ንግግር ወደ ተዘዋዋሪ ንግግር የመለወጥ መልመጃ አይቀርም። በወልድያም ሆነ በመርሳ የሚማር ልጅ ደንቡን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ «እኔ» ያለው «እርሱ» ይሁን፤ የአሁኑ ጊዜ ኀላፊ ይሁን፤ «ነገ» የነበረው «በማግሥቱ»፥ «እዚህ» የነበረው «እዚያ» ይሁን። ደንቡ ምን እንደሚጎድለው፥ ለአማርኛ ተናጋሪም ስለ ምን እንደሚከብድ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመለከታለን።

የመጀመሪያው ጉድለት ደንቡ ማን፥ የትና መቼ እንደሚያወራ አለመጠየቁ ነው። አንድ የሀብሩ ገበሬ መርሳ ላይ ሆኖ ወልድያ ላለው ወንድሙ በስልክ «ነገ እመጣለሁ» ቢለው፥ ወንድሙ ያንኑ ዕለት ወልድያ ላይ ለቤተ ሰቡ በእንግሊዝኛ ቢያወራ «ነገ»ም «ይመጣል»ም ሳይለወጡ ሊቀሩ ይችላሉ። ወሬውን ከሳምንት በኋላ መርሳ ላይ የሚያወራ ሰው ግን «በማግሥቱ» ይላል፤ «መምጣት»ንም «መሄድ» ያደርገዋል። ቃሉን የሚለውጠው እንግዲህ ሠንጠረዡ ሳይሆን አውሪው የቆመበት ስፍራና ቀን ነው። የዴንማርኩ የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በ1924 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ የጊዜውን ወደ ኋላ መመለስ በስም ለይቶ መርምሮታል። ነገሩ ገና የሚፈጸም ሲሆን ግን እንግሊዝኛ «ዊል»ን ወደ «ዉድ» ሳይለውጥ መተውን ይፈቅዳል። ደንቡን ያለ ልዩነት የሚያስፈጽም መምህር ስለዚህ ትክክለኛውን መልስ ስሕተት ሊለው ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት የተማሪውን ቋንቋ መርሳቱ ነው። አማርኛ ሁለት መንገድ አለው፤ «ከበደ እንደ ታመመ ተናገረ» እንላለን፤ «ከበደ ታምሜአለሁ አለ»ም እንላለን። በኋለኛው «እኔ» የሚሆነው አውሪው ሳይሆን ከበደ ነው። ይህ የከበደን አፍ ቃል በቃል መድገም ብቻ ነው የሚል ቢኖር «ከበደ ማንን አላውቅም አለ?» የሚለውን ይመልከት። «አላውቅም» የከበደ ነው፤ «ማንን» ግን የጠያቂው ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናገሩ ማለት ነው። የፍልስፍና ሊቁ ዴቪድ ካፕላን «እኔ» የሚለው ቃል ምን ጊዜም ተናጋሪውን ያመለክታል፥ ይህን የሚለውጥ ቃል በእንግሊዝኛ የለም ብሎ ነበር። ፊሊፕ ሽሌንከር በ2003 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ይህ ለቋንቋ ሁሉ እንደማይሠራ ሲከራከር ከዋና ምስክሮቹ አንዱ ይኸው የአማርኛችን አነጋገር ነበር። የአገራችን ተማሪ በየቀኑ የሚናገረው ነገር የዓለም ሊቃውንት መከራከሪያ ሆኖ ሳለ፥ በክፍል ውስጥ አለመነሣቱ ያሳዝናል።

እንዲያውም «አለ» ሁልጊዜ ንግግርን አያመለክትም። «በሩ አልከፈትም አለ» ስንል በሩ አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ «ልገዛ ብዬ ገበያ ወጣሁ» ስንልም ሐሳባችንን መግለጻችን ነው። እነዚህን በሠንጠረዡ የሚተረጉም ሰው የሚናገር በር ይፈጥራል።

ነገሩ የፈተና ነጥብ ብቻ አይደለም። የሕክምና ተማሪ ከአስታማሚ አፍ የሰማውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አስታማሚው «ወንድሜ ራሴን ያመኛል ይላል» ቢል የታመመው የማን ራስ ነው? እንግሊዝኛውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ «ሂ ሴድ ሂ ወዝ ኢል» ሲባል ሁለተኛው «ሂ» ተናጋሪው ይሁን ሌላ ሰው አይለይም። አማርኛ ግን «ታምሜአለሁ አለ» እና «ታሟል አለ» ብሎ ይለያል። በአክብሮትም እንደዚሁ ነው፤ «ይቀመጡ አለችኝ» የሚለው የሁለቱን ሰዎች ግንኙነት ሲነግረን እንግሊዝኛው ይህን ይውጠዋል።

ስለዚህ መምህራን ከሠንጠረዡ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች፥ ማን፥ የትና መቼ የሚሉትን፥ እንዲያስቀድሙ፤ መልመጃውንም ከአማርኛ ዐረፍተ ነገር እንዲጀምሩ እናሳስባለን። የራሱ ቋንቋ የሰውን ቃል እንዴት እንደሚያደርስ የተረዳ ተማሪ የእንግሊዝኛውን መንገድ በቃሉ ሳይሆን በአእምሮው ይይዘዋል።