«ካርቲሌጅ የሚያበቅል መርፌ»፦ ዜናው የዘለለው ነገር

ቦንጋ አጠገብ ቡና የሚያለሙት አጎቴ ሰሞኑን ደውለው፣ «ጉልበት የሚያድስ መርፌ ተገኘ አሉ፤ የዘንድሮን ቡና ሸጬ ልምጣ እንዴ?» አሉኝ። የሰሙት በየስልኩ የሚዞረውን የስቴም ሴልና የሃይድሮጄል ዜና ነው። ዜናው ውሸት ነው አልልም፤ ግን ዋናውን ነገር ዘሎታል።

ካርቲሌጅ የአጥንት ጫፍን የሚሸፍን ለስላሳ አካል ነው። የደም ሥር ስለሌለው ሲጎዳ ራሱን መጠገን ይቸግረዋል። ሃይድሮጄል ደግሞ ብዙ ውሃ የሚይዝ መረብ ነው። ቡላ አስቡ፦ በውሃ ሲበጠበጥ ይፈሳል፣ እሳት ሲነካው ይረጋል። አንዳንድ ሃይድሮጄልም በመርፌ ፈስሶ ይገባና በሰውነት ሙቀት ይረጋል። ውስጡ ያሉት ስቴም ሴሎች ካርቲሌጅ እንዲሠሩ ወይም የአካባቢውን ሴሎች እንዲያነቃቁ ይጠበቃል። ሐሳቡ ያምራል።

የተዘለለው የመጀመሪያው ነገር ሸክም ነው። ስንራመድ ጉልበታችን ላይ ከክብደታችን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያርፋል። በዚያ ላይ ጆንያ ተሸክሞ የካፋን ቁልቁለት መውረድ አለ። ሴል የሚመቹት ብዙዎቹ ጄሎች ከካርቲሌጅ እጅግ የለሰለሱ ናቸው። መረቡን ብናጠብቀው ሴሉ ይታፈናል፤ ብናላላው ሸክሙ ይደፈጥጠዋል። እኛ መሐንዲሶች የምንከራከረው እዚህ ላይ ነው፤ ዜናው ግን አንድ መስመር እንኳ አልሰጠውም።

ሁለተኛው «መርፌ» የሚለው ቃል ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ካርቲስተም የተባለ ሕክምና ፈቅዳለች፤ ከእትብት ደም የተገኘ ስቴም ሴል ከሃያሉሮኒክ አሲድ ጄል ጋር ተቀላቅሎ ማለት ነው። የሚገባው ግን በቀዶ ሕክምና ነው። 114 ሕመምተኞች በተሳተፉበት ጥናት፣ በ48ኛው ሳምንት ካርቲሌጁ ከሌላው ቀዶ ሕክምና የተሻለ ሆኖ ታይቷል፤ በሕመም ስሜት ላይ ግን በዚያን ጊዜ ጉልህ ልዩነት አልነበረም። ልዩነቱ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ያማረ ምስልና የቀለለ ሕመም አንድ አይደሉም።

ያለ ጄል ሴሉን ብቻ መውጋትስ? እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሦስት ዓይነት የሴል መርፌዎችን ከተለመደው የስቴሮይድ መርፌ ጋር አነጻጸረ። ከዓመት በኋላ አንዳቸውም ሕመምን በማስታገስ አልበለጡትም።

ምርምሩ ይቀጥል፤ እኔም ተስፋ አለኝ። ግን ተስፋን እንደ ሸቀጥ የሚያቀርብ ዜና የገበሬን የዓመት ልፋት ሊበላ ይችላል። እናንተም ቀጣዩን ዜና ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በእንስሳ ነው በሰው የተሞከረው? ከምን ጋር ተነጻጸረ? የተለካው ምስሉ ነው ሕመሙ?

ለአጎቴ «ለዚህ ብለው ቡናዎን አይሽጡ» አልኳቸው። «መጀመሪያ እዚያው ቦንጋ ሆስፒታል ይታዩ፤ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ሕመሙን ይቀንሳል።»

«እንግዲያው ጆንያውን በቅሎዋ ትሸከማ!» ብለው ሳቁ። ለጊዜው ከዜናው የእሳቸው ይሻላል።