የብር አልቦና የመድረካችን ወርቅ

በመድረካችን የምትታየው የገጠር ሙሽራ ብዙውን ጊዜ በወርቅ ታሸበርቃለች። አለባበሷ ዓይን ይማርካል፤ ታሪክን ግን ይዘነጋል። በፊውዳሉ ሥርዓት ወርቅ የዙፋኑና የመኳንንቱ ምልክት ሲሆን፣ የጭሰኛው ልጅ በሠርጓ ዕለት ያገኘች እንደሆነ የምታጌጠው በብር ድሪ፣ በብር አምባርና በብር አልቦ ነበር። ብሩም አብዛኛው ከማርትሬዛ የተገኘ ነው። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ጠገራ፣ ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖሮ፣ በአንጥረኛው ምድጃ እየቀለጠ ጌጥ ሆኗል። (ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስያሜ የተዋሰው ከዚሁ አንጥረኛ ሙያ ነው፤ ባለሙያው ግን «ባለእጅ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል።)

ስለዚህ የብር ንጣት የንጽሕና ምሳሌ ነው የሚለው የተለመደ ትርጓሜ ከፊል እውነት ብቻ ነው። ንጣቱ የመደብ ወሰንም ነበር። ብሩን ወርቅ የሚያስቀቡ ሰዎች መኖራቸው ምኞቱ ወዴት እንዳዘነበለ ይመሰክራል። ከዚህም ሌላ ጌጡ ጥሪት ነው፤ በክፉ ቀን ይሸጣል። የአልባሳት ባለሙያዎቻችን ይህን ሁሉ በአንድ ጥንድ አልቦ ሊያሳዩ በቻሉ ነበር። ሙሽራዋ ስትራመድ የሚሰማው የብር ድምፅ ከመድረካችን እስካሁን ይጎድላል።