ፊት የሌለው ስቅለት

በፈረንሳይ አገር፥ በአልፕስ ተራራዎች መካከል፥ ፕላቶ ዳሲ በሚባለው ስፍራ አንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። በታነጸችበት ዘመን አካባቢው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚታከሙበት ነበር። የዶሚኒካውያን ማኅበር መነኩሴ አባ ኩቱሪዬ ለማስጌጧ የዘመኑን ስመ ጥር ሠዓሊዎች ሲያስጠሩ ሃይማኖታቸውን አልመረመሩም፤ ማቲስ፥ ሌዤና ሻጋል ሁሉ ሠርተውላታል። የመሠዊያውን ስቅለት በነሐስ የሠራችው ግን ቀራፂዋ ዤርሜን ሪሽዬ ናት። ሥራው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1950 ተተከለ፤ በ1951 በአኔሲው ጳጳስ ትእዛዝ ተነሣ። ክሱ አጭር ነው፤ ይኸውም የጌታን መልክ አዋርዷል የሚል ነው።

ክሱን ከመመርመራችን በፊት ሥራውን እንመልከት። (ያየነው በፎቶግራፍ ብቻ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን፤ ቅርጽን ዙሪያውን ሳይዞሩ መፍረድ ያሳስታል።) ዓይን፥ አፍንጫ፥ አፍ የለውም። ክንዶቹ ከሰው ልክ ይበልጥ ረዝመው ተዘርግተዋል። ገላው እንደ አሮጌ ግንድ ሻካራና የተቦረቦረ ስለ ሆነ፥ እንጨቱ የት አልቆ ሥጋው የት እንደሚጀምር ለመለየት ያስቸግራል። መስቀሉ ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል።

በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የጸሎት ክፍል የጄሶ ስቅለት ተሰቅሎ ነበር፤ ጉንጩ ቀይ፥ ጠጉሩ የተበጠረ። በፊቱ ስንት ዓመት ስንንበረከክ፥ ያመው እንደ ሆነ አንድ ቀን እንኳ አላሰብንም። ሪሽዬ የተነሣችው ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 ነው፤ ነቢዩም መከራ ተቀባዩን የገለጸው ሰው ሊያየው የማይወድ አድርጎ ነው። እንግዲህ መልክ አዋርዷል የሚለው ክስ ከቀራፂዋ አልፎ ነቢዩንም የሚነካ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎቹ በከንቱ ጮኹ አንልም። ጻድቅን በሁለት ዓይን፥ ኃጥእን በአንድ ዓይን መሣል በለመደ አገር ላደግን ለእኛ፥ ዓይን የሌለው ክርስቶስ እጅግ ይከብዳል። ለሰቃዮቹ ምሕረትን የለመነው አፍስ የት አለ? ቀራፂዋ ሕማሙን ስታሳይ ይቅርታውን የተወችው መስሎን ነበር። ፎቶግራፉን ደጋግመን ካየን በኋላ ግን ዓይናችን ከክንዶቹ ላይ አልነሣ አለ፤ የተቸነከሩ ሳይሆን ሊያቅፉ የተዘረጉ ይመስላሉ። ፊቱ ያልተናገረውን እነሱ ይናገሩ እንደ ሆነ ገና እንከራከራለን።

ስቅለቱ ሲነሣ ካዘኑት መካከል በየዕለቱ በፊቱ ይጸልዩ የነበሩት ሕሙማን ይገኛሉ፤ የተቦረቦረውን ገላ ከራሳቸው ገላ ጋር አስተያይተውት ነበርና። በ1969 ወደ መሠዊያው ተመለሰ። ሪሽዬ ከሞተች ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ሆኗት ነበር።