የውድድር ሮቦት የመፈተኛ መቈጣጠሪያ፤ በፕሮግራሙ አሠራር ላይ የቀረበ ትችት

ስለ ተማሪዎች የሮቦት ውድድር የተጻፈ ነገር ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ጨዋታው ቀን ነው። ሮቦቱ ስንት ነጥብ አገባ፤ ማን ከማን ጋር ተሰለፈ፤ ዋንጫውን ማን ወሰደ የሚለው ሁሉ በሰፊው ይተረካል። ከጨዋታው በፊት ባለው ሌሊት ተማሪዎቹ በሮቦቱ ዙሪያ አጎንብሰው «ይህ ሞተር ለምን አይዞርም?» እያሉ ስለሚጨነቁበት ሰዓት ግን የሚጽፈው ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንተች ያሰብነው ያንን ሰዓት የሚመለከተውን የፕሮግራም ክፍል፣ ይኸውም የመፈተኛ መቈጣጠሪያ የሚባለውን ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሰው ጣት የሚገባበት ጕዳይ ስለ ሆነ በቸልታ ልናልፈው አልወደድንም።

ለምሳሌ የወሰድነው ፈርስት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጀውን ውድድር ነው። ድርጅቱን በ1989 የመሠረተው ዲን ኬመን የተባለው ፈልሳፊ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሺር ግዛት፣ በማንቸስተር ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ በ28 ቡድኖች መካከል ተደረገ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናል።) ይህንን ውድድር የመረጥንበት ምክንያት የተማሪዎቹ ፕሮግራም የሚሠራበት የጋራ ኮድ ለማንም ሰው ክፍት በመሆኑ ነው። ኮዱ ደብሊው ፒ አይ ሊብ ይባላል፤ ስሙም የተወሰደው ከወስተር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። እውነተኛው ሮቦት በእጃችን ባይኖርም ፕሮግራሙን በኮምፒዩተር ላይ በሚሠራ የሮቦት አምሳያ እያስኬድን ለመመርመር ችለናል።

ሮቦቱ መጫወቻ አለመሆኑን አስቀድመን መናገር አለብን። በ2023 በወጣው ደንብ መሠረት ባትሪውና በዙሪያው የሚታሰረው መከላከያ ሳይቈጠር እስከ 125 ፓውንድ፣ ማለት 57 ኪሎ ያህል፣ መመዘን ይፈቀድለት ነበር። ባትሪው 12 ቮልት ነው፤ ዋናው ብሬከር 120 አምፔር ይችላል። እንዲህ ያለ ዕቃ ክንዱን ድንገት ሲያነሣ በአጠገቡ የቆመ ልጅ የሚሸሽበት ጊዜ አያገኝም።

አሽከርካሪው በላፕቶፑ ላይ ድራይቨር ስቴሽን የተባለውን ፕሮግራም ይከፍትና ሮቦቱ በምን ዓይነት ሁኔታ እንዲሠራ እንደሚፈልግ ይመርጣል። አንደኛው ሁኔታ ሮቦቱ ያለ ሰው ራሱን የሚመራበት ነው፤ ሌላው ሰው በጆይስቲክ የሚነዳበት ነው፤ ከእነዚህም ተለይቶ መፈተኛ የሚባል አለ። በ2023 ጨዋታ 15 ሰኮንድ ለመጀመሪያው፣ 2 ደቂቃ ከ15 ሰኮንድ ለሁለተኛው ተመድቦ ነበር። መፈተኛው በጨዋታ ላይ አይገባም። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ተማሪ በተዘጋጀው ናሙና ውስጥ ለእያንዳንዱ ሁኔታ አንድ አንድ ባዶ ስፍራ ያገኛል፤ ሮቦቱ በሥራ ላይ ሳለ በዚያ ስፍራ የተጻፈው በየ20 ሚሊሰኮንዱ፣ ማለት በሰኮንድ 50 ጊዜ፣ ይነበባል።

የመጀመሪያው ነቀፌታችን እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። የመፈተኛው ስፍራ በናሙናው ውስጥ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ባዶም ሆኖ ይቀራል። ተማሪው ነጥብ የሚያመጣለትን ክፍል ለመጻፍ ስለሚቸኵል መፈተኛውን ለነገ ያሳድረዋል። ነገም ሲመጣ፣ ሽቦ ይላቀቅና መፈተን ግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ በጨዋታው ጆይስቲክ ላይ ያልተያዘ አንድ ቍልፍ ተፈልጎ «ለጊዜው» ተብሎ የመፈተኛ ሥራ ይሰጠዋል። ይህ «ለጊዜው» የተባለው ቍልፍ ግን ማንም ሳያነሣው እስከ ውድድሩ ቀን ይዘልቃል። በጨዋታው ግርግር መካከል የአሽከርካሪው አውራ ጣት ሲስት ሮቦቱ ማንም ያላዘዘውን ሥራ ይሠራል።

ስለ ሁለተኛው ነገር ስንናገር ከራሳችን የደረሰውን ሳንደብቅ እንገልጻለን። የጋራው ኮድ ላይቭ ዊንዶው የተባለ መፈተኛ አለው። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ሞተር በስክሪኑ ላይ አንድ ተንሸራታች መቈጣጠሪያ ሆኖ ይታያል፤ ተንሸራታቹን ወደ ቀኝ ሲገፉት ሞተሩ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ግራ ሲገፉት ወደ ሌላው ይዞራል። ስናየው በጣም ስለ አማረን ይህንኑ መስለን ለራሳችን አንድ ሠራን። ሞተራችን ከአሮጌ መኪና የተፈታ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነበር፤ በእርሱም ላይ ሁለት ክንድ ያህል ርዝመት ያለው ብረት አሰርን። አንደኛው ባልደረባችን ተንሸራታቹን እስከ እኩሌታው ገፍቶ ብረቱ ሲነሣ ባየ ጊዜ «ሠራ!» ብሎ እጁን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሣና ሊያየው ቀረበ። ተንሸራታቹ ግን እንዳለ ነበር። ብረቱ ዞሮ ሲመለስ ጣቱን ከጠረጴዛው ጋር አጣብቆ ያዘው። ጥፍሩ ጠቍሮ ወለቀ፤ በዚያ ሞተር ጕልበት ከዚህ የበለጠ ባለ መድረሱ እግዚአብሔር ይመስገን አልን።

ከዚያ ወዲህ ተንሸራታቹን እንደ ጠላት እናየዋለን። ጥፋቱ የባልደረባችን ጥንቃቄ ማነስ ብቻ ነው የሚል አስተያየት ቀርቦልን ነበር፤ አልተቀበልነውም። ሰው እጁን ከመቈጣጠሪያው ላይ ሲያነሣ ሥራው የቆመ ይመስለዋል፤ ይህ ከተፈጥሮ የመጣ ግምት ነው። ተንሸራታቹ ግን የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቈያል። ተጭነው ሲይዙት የሚሠራ፣ ጣት ሲነሣ የሚቆም ቍልፍ ቢሆን ኖሮ ባልደረባችን ወደ ብረቱ ለመቅረብ ቍልፉን መልቀቅ ነበረበት፤ ብረቱም በለቀቀበት ቅጽበት ኀይሉ በተቋረጠበት ነበር። በጋራው ኮድ ሁለቱም ዓይነት ቍልፍ አለ። «ኦን ትሩ» የተባለው አንድ ጊዜ ሲነካ ትእዛዙን ይጀምርና ጣት ቢነሣም አያቋርጠውም፤ «ዋይል ትሩ» የተባለው ግን ጣት እስካለ ድረስ ብቻ ያስኬዳል። በጽሑፍ ልዩነታቸው የአንዲት ቃል ነው። ለመፈተኛ የሚገባው ሁለተኛው ብቻ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ዋናው ትችታችን እንመጣለን። ላይቭ ዊንዶው በ2023 በመፈተኛ ሁኔታ ውስጥ ራሱ እንዳይነሣ ተደረገ፤ የሚፈልገው ሰው በፕሮግራሙ ካልጠራው በቀር አይሠራም። ተንሸራታቹን የምንጠላ እኛ ይህንን ስንሰማ ደስ ሊለን በተገባ ነበር። ነገር ግን ላይቭ ዊንዶው አንድ መልካም ሥራ ነበረው፤ እርሱ በሚሠራበት ጊዜ የጨዋታውን ትእዛዞች የሚያሰልፈው ክፍል ይቆም ነበር። አሁን እርሱ ሲቀር ያ አሰላፊ በመፈተኛውም ሁኔታ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል፤ የሚጠራበት ስፍራ በሁሉም ሁኔታዎች በሚነበበው ክፍል ውስጥ ነውና። በናሙናው ያለው የመፈተኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ የነበሩትን ትእዛዞች ይሰርዛል፤ ከዚያ በኋላ ግን አዲስ ትእዛዝ እንዳይገባ የሚከለክለው ነገር የለም።

ነገሩን ለማረጋገጥ ክንድ ያለው ሮቦት የሚመስል አጭር ፕሮግራም ጻፍንና በኮምፒዩተሩ አምሳያ ላይ አስኬድነው። ሁኔታውን መፈተኛ አደረግን። የመፈተኛውን ስፍራ ሆን ብለን ባዶ ተውነው። ከዚያም በጨዋታ ጊዜ ክንዱን የሚያነሣውን ቍልፍ ተጫንን፤ የክንዱም ሞተር ልክ በጨዋታ ጊዜ የታዘዘውን ያህል ኀይል ሲቀበል በስክሪኑ ላይ አየን። ጆይስቲኩንም ስንነካው መንኰራኵሮቹ ዞሩ። እንግዲህ በስክሪኑ ላይ «መፈተኛ» የሚለውን ቃል አይቶ የጨዋታው ቍልፎች ሞተዋል ብሎ የሚያምን ተማሪ ተታሏል። በሩ ላይ ሌላ ስም ተጽፏል እንጂ ክፍሉ ያው ነው።

የኮዱን አዘጋጆች በዚህ ልንወቅሳቸው አንፈልግም፤ መሣሪያውን ሰጥተዋልና። የቍልፎችን ዝርዝር በሁለት ከፍሎ አንዱን ለጨዋታ፣ ሌላውን ለመፈተኛ ማድረግ ይቻላል። መፈተኛው ሲጀምር አሰላፊው ሁለተኛውን ዝርዝር ብቻ እንዲሰማ ማዘዝ፣ ሲያበቃም ወደ ፊተኛው መመለስ ነው፤ ይህም ከጥቂት መስመር የሚበልጥ ጽሕፈት የለውም። ያለ ቍልፍ ዘወትር ጆይስቲኩን እያነበበ መንኰራኵሩን የሚያዞረው ትእዛዝ ግን በዚህ ብቻ ስለማይቆም በመፈተኛ ጊዜ ዝም እንዲል ለብቻው ሊነገረው ይገባል። እኛም በመጀመሪያ ይህንን ረስተን ነበር። የምንነቅፈው ናሙናው ይህንን ለጀማሪ አለማሳየቱን ነው። ጀማሪ የሚማረው ከናሙና ነው፤ ባዶ ስፍራ የሰጡት እንደ ሆነ «ባዶ ይሁን» ያሉት ይመስለዋል።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ከክፍል ጓደኞቻችንም አንዱ አጥብቆ ተከራክሮናል። «በጨዋታ የሚሠራው ፕሮግራም ሌላ፣ የተፈተነው ፕሮግራም ሌላ ከሆነ የፈተናችሁት ሌላ ሮቦት ነው» ይላል። እውነት አለው። ለብቻው በተጻፈ መፈተኛ ሁሉ ነገር መልካም ሆኖ በጨዋታው ፕሮግራም ግን ክንዱ ሊሳሳት ይችላል። ቢሆንም ተቃዋሚያችን የዘነጋው ቅደም ተከተሉን ነው። ሮቦቱ በጨዋታው ፕሮግራም ሲነዳ ቢያነክስ ጥፋቱ ከሽቦው ይሁን፣ ከሞተሩ ይሁን፣ ከጥርሱ ይሁን፣ ከኮዱ ይሁን ከየት ይታወቃል?

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በሮቦቱ ግራ ወገን ሁለት ሞተሮች አንድ ካምቢዮ ላይ ገብተው አንድ መንኰራኵር ያዞራሉ እንበል። ከሁለቱ የአንደኛው ሽቦ ተገላብጦ ቢታሰር ሞተሮቹ እርስ በርሳቸው ይታገላሉ። መንኰራኵሩ አንዳንዴ ጨርሶ አይዞርም፤ አንዱ ከበረታ ግን ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ሞተሮቹ ይግላሉ፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በጆይስቲክ የሚነዳው ልጅ የሚያየው «ሮቦቱ ወደ ግራ ይጐትታል» የሚለውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኮዱን መነካካት ይጀምራል፤ የቀኙን ኀይል ቀንሶ «አስተካከልሁት» ይላል። ሮቦቱን በድጋፍ ላይ ሰቅሎ፣ መንኰራኵሩ መሬት ሳይነካ፣ አንዱን ሞተር ብቻ በአምስተኛ እጅ ኀይል፣ ከዚያም ሁለተኛውን ብቻ እንዲሁ ቢያዞር ግን አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ መዞሩን በግማሽ ደቂቃ ባየ ነበር። የተለየ መፈተኛ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የጨዋታው ፕሮግራም ሁለቱን ሞተሮች እንደ አንድ አድርጎ ስለሚያዝዝ ለየብቻ ሊጠይቃቸው አይችልም። እያንዳንዱ ሞተር ለየብቻው ከመሰከረ በኋላ የጨዋታው ፕሮግራም ይፈተን፤ ያን ጊዜ ጓደኛችን ያለው ይደርሳል።

ይኸው ድርጅት ለአነስተኛ ሮቦቶች በሚያዘጋጀው በሌላው ውድድር፣ ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ በሚባለው፣ የተሻለ ልማድ አይተናል። በዚያ ተማሪው የጻፋቸው ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በስማቸው ተዘርዝረው ለአሽከርካሪው ይቀርባሉ፤ «የክንድ ሞተር ፈተና» የሚል ለብቻው ሊኖር ይችላል፤ እርሱ ሲመረጥ የጨዋታው ፕሮግራም አብሮ አይነሣም። በችኰላ የተሳሳተውን ስም መምረጥ የሚያስከትለው አደጋ ግን አለ።

ስለ ማቆሚያው ጥቂት እንጨምር። በድራይቨር ስቴሽን «ኤንተር» የሚለው ቍልፍ ሮቦቱን ከሥራ ያሳርፋል፤ ረጅሙ የክፍተት ቍልፍ ደግሞ ፈጽሞ ያቆመዋል፤ ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ካልተነሣ ሮቦቱ አይሠራም። ሁለቱም ግን ያሉት ላፕቶፑ ላይ ነው። ሞተሩን ለማየት ያጎነበሰው ልጅ እጅ አይደርስባቸውም። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይፈትን ደንብ ይሁን እንላለን፤ አንዱ ዐይኑን ከሮቦቱ ላይ ሳይነቅል ከቍልፎቹ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሌላው ይመልከት።

በመጨረሻ እኛ ራሳችን ያልተስማማንበት ነገር አለ። ክንዱ ከሚገባው በላይ እንዳይሄድ በመጨረሻው ላይ ሊሚት ስዊች ይደረግለታል፤ ፕሮግራሙም ስዊቹ ሲነካ ሞተሩን ያቆማል። በመፈተኛው ውስጥ ይህ እገዳ ይኑር ወይስ አይኑር? ስዊቹ ራሱ የተበላሸ እንደ ሆነ እገዳው ክንዱን ከነአካቴው አስሮ ይይዘዋል፤ መፈተን አይቻልም። እገዳው ከተነሣ ደግሞ ክንዱ ብረቱን እስኪሰብር ሊገፋ ይችላል። ከእኛ መካከል ሁለቱ እገዳው ይኑር፣ የሚያነሣውም ሌላ ሁለተኛ ቍልፍ አብሮ ሲያዝ ብቻ ይሁን ብለዋል፤ ፕሮግራማችንንም ለጊዜው እንዲሁ ጽፈነዋል። ጣቱ የተጐዳው ባልደረባችን ግን እገዳው በምንም ምክንያት አይነሣ፤ ስዊቹ ከተጠረጠረ ኤሌክትሪኩ ተዘግቶ ክንዱ በእጅ ይንቀሳቀስና የስዊቹ ምልክት በስክሪን ላይ ይታይ ይላል።