የግመል ወተትና ኦክት-1

በጅቡቲ ከተማ፣ ከሐሙዲ መስጊድ ብዙም በማይርቀው ገበያ፣ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ፣ ጢስ ጢስ ከሚሸት ዕቃ የተቀዳውን የግመል ወተት አንድ አፋር ሽማግሌ አረፋው ጢማቸው ላይ እስኪቀር ድረስ ሲጠጡ ባየሁ ጊዜ፣ ልቤ ኦክት-1 ወደተባለው ረቂቅ ፕሮቲን በአድናቆት ሄደ።

የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ በአብዛኛው የሰው ዘር ዘንድ ዘመነ ጥባት ሲያልፍ እየመነመነ ሲሄድ፣ በአፋርና በአካባቢው አርብቶ አደሮች መካከል ግን፣ ከላክቴዝ ጂን 13,907 የዲኤንኤ ሆሄያት አስቀድሞ፣ ኤምሲኤም6 በተባለው ጎረቤት ጂን ውስጥ፣ አንዲት ‹ሲ› በከፊሎቹ ወደ ‹ጂ› ስለተለወጠች፣ ከፒኦዩ2ኤፍ1 ጂን የሚገኘው ኦክት-1 በዚያ ሥፍራ ጠንክሮ ይያዝና፣ የላክቴዝ ጂን እንዲገለበጥ የሚሰጠው ትእዛዝ እስከ እርጅና እንዳይቋረጥ ያግዛል። ይህ የሆሄ ለውጥ የተገለጠው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

ስሙ ራሱ ደስ ይለኛል፤ ስምንት ሆሄያት ያሉበትን የዲኤንኤ ሐረግ ለይቶ ስለሚይዝ ‹ኦክት› ተባለ። በሕዋሳት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገኝ ትጉህ አገልጋይ ሆኖ ሳለ፣ በአንዲት ሆሄ ምክንያት የአንድ ሕዝብ ማዕድ ጠባቂ መሆኑ እንደምን ድንቅ ነው!

ሽማግሌው ኩባያቸውን ወደ ሻጯ ዳግመኛ ዘረጉ፤ እርስዋም እስከ አፉ ሞላችላቸው።