ጭንቀትን መጣልና ትሕትና፦ የ1ኛ ጴጥሮስ 5፥6–7 የአማርኛ ትርጉም ሲመዘን

በ1954ቱ ትርጉምም ሆነ በአዲሱ መደበኛ ትርጉም፣ 1ኛ ጴጥሮስ 5፥6 እና 7 ሁለት ትእዛዛት ሆነው ይነበባሉ፤ አንዱ ራስን ስለ ማዋረድ፣ ሌላው ጭንቀትን በእግዚአብሔር ላይ ስለ መጣል። በስብከትም ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይቀርባሉ፤ የመጀመሪያው ለተግሣጽ፣ ሁለተኛው ለማጽናኛ።

በግሪኩ ግን ትእዛዙ አንድ ነው። መጣልን የሚያመለክተው ቃል፣ «ኤፒሪፕሳንቴስ»፣ ቦዝ አንቀጽ ሆኖ በቁጥር 6 ትእዛዝ ላይ ይደገፋል። የአሳቡ ምንጭ የሆነው መዝሙር 55፥22 በሰባ ሊቃናት ትርጉም ትእዛዝ ነበር፤ ጴጥሮስ ለውጦታል። በዚህ መልእክት ቦዝ አንቀጽ የትእዛዝ ኀይል ሊኖረው ይችላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እዚህ ግን ግልጽ ትእዛዝ ስለ ቀደመው ከእርሱ ጋር ማያያዙ ይሻላል። አማርኛችንም «ጥላችሁ» ብሎ በቀላሉ ይገልጸዋል።

ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሲነጣጠሉ ትሕትና አንገት መድፋትና ዝምታ ይመስላል፤ መከራ ያስጨነቀው አማኝም ጭንቀቱን መግለጥ የእምነት ጕድለት ይመስለዋል። ሲያያዙ ግን ትሑት የሚባለው «አልቻልሁም» ብሎ ሸክሙን ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ነው፤ ለብቻዬ እሸከመዋለሁ ማለት ትዕቢት ይሆናል።

ዋጋውም ሹመት ወይም ብልጽግና አይደለም። ከፍ መደረግ በእግዚአብሔር ጊዜ ነው፤ ቁጥር 4 የክብርን አክሊል የሚያያይዘው ከእረኞች አለቃ መገለጥ ጋር ነው። እስከዚያው የትሑቱ ድርሻ የሚያስብለት አምላክ ነው።

ስለዚህ ሰባኪው ሁለቱን ቁጥሮች አንድ አድርጎ ይስበክ።